ጥቁርና ነጭ ፊልም፦ የብርሃኑ ልክና የእጥበቱ ደቂቃ

በጥቁርና ነጭ ፊልም ሳጥን ላይ ጎልቶ የሚታተመው ቁጥር፣ 100 ይሁን 400፣ ፊልሙ ለብርሃን ያለውን ንቃት የሚገልጽ ሲሆን፣ በሙያው አነጋገር የፊልሙ ፍጥነት ይባላል፤ ቁጥሩ እጥፍ በሆነ ጊዜ ፊልሙ ምስል ለመቀበል የሚያስፈልገው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ፎቶ አንሺው ይህን ቁጥር በብርሃን መለኪያው ላይ ሞልቶ፣ የሌንሱን ቀዳዳና የመዝጊያውን ጊዜ መለኪያው በሰጠው ልክ አስተካክሎ ፎቶውን ያነሳል፤ ፊልሙ ሲታጠብም አምራቹ በመመሪያው ላይ ያሰፈረው ደቂቃ ይጠበቃል። ሁለቱ ቁጥሮች ከአምራቹ ቤተ ሙከራ በጥንቃቄ የወጡ በመሆናቸው ሐሰት የለባቸውም። ይሁን እንጂ የፊልም ፍጥነት በፊልሙ ውስጥ ብቻ ተቋጥሮ ያለ ባሕርይ አይደለም፤ ፊልሙ፣ የሚታጠብበት ኬሚካል፣ የፈሳሹ ሙቀት፣ የካሜራው መዝጊያ፣ የብርሃን መለኪያውና በመጨረሻም ምስሉ የሚታተምበት ወረቀት በአንድነት የሚሰጡት ውጤት ነው። አምራቹ ከእነዚህ መካከል የሚያውቀው ፊልሙን ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን መለካት የሚችለው ካሜራውን የያዘው ሰው ነው፤ የፊልም ፈተና የሚባለው ሥራም ይኸው ልኬት ነው።

ፈተናው ምን እንደሚለካ ለመረዳት በፊልሙ ውስጥ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ፊልም በጥርት ባለ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ስስ የጄላቲን ሽፋን ሲሆን፣ በጄላቲኑ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ የብር ውሁድ ክሪስታሎች፣ በአብዛኛው ሲልቨር ብሮማይድ፣ ተበትነው ይገኛሉ። ብርሃን አንዱን ክሪስታል ሲመታው ጥቂት የብር አቶሞች በአንድ ነጥብ ላይ ይከማቻሉ፤ ሮናልድ ገርኒና ኔቪል ሞት የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1938 ባቀረቡት ማብራሪያ ላይ ተመሥርቶ እንደሚታወቀው፣ አራት ያህል አቶሞች በአንድ ቦታ ከተሰበሰቡ ክሪስታሉ ለእጥበት ይበቃል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) በዚህ ደረጃ ላይ ያለው ለውጥ በማናቸውም ማጉያ መነጽር የማይታይ በመሆኑ ስውር ምስል ይባላል። ዴቨሎፐር የሚባለው የማጠቢያ ኬሚካል በተራው፣ አራቱ አቶሞች እንደ በር ሆነውለት ክሪስታሉን በሙሉ ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል፤ ብርሃኑ የጀመረውን ጥቂት ሥራም እስከ ቢሊዮን እጥፍ ያጎላዋል። ብርሃን ያልነካቸውን ክሪስታሎች ፊክሰር የሚባለው ሁለተኛው ኬሚካል አሟሙቶ ያስወግዳቸዋል፤ የሚቀረውም ብርሃን በበዛበት ጥቁር፣ ባነሰበት ጥርት ያለ ሆኖ የሚታየው ነጋቲቭ ነው።

ከዚህ አሠራር የሚከተለው ነገር የፈተናው ሁሉ መሠረት ነው። ከጥላ ውስጥ ወደ ሌንሱ የመጣው ብርሃን ጥቂት በመሆኑ፣ በዚያ የፊልሙ ክፍል ለእጥበት የበቁት ክሪስታሎችም ጥቂት ናቸው፤ ዴቨሎፐሩ እነርሱን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይጨርሳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ፊልሙ በፈሳሹ ውስጥ ቢቆይም የሚጨመር ነገር ከሞላ ጎደል የለም። ከደማቅ ነገር የመጣው ብርሃን ያረፈበት ክፍል ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ የበቁ ክሪስታሎችን ስለያዘ፣ ደቂቃው በረዘመ ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል። እንግዲህ በጥላው ውስጥ ዝርዝር መኖር አለመኖሩ የሚወሰነው ፎቶው በተነሳበት ቅጽበት በገባው ብርሃን ነው፤ ደማቁ ክፍል ምን ያህል እንደሚጠቁር፣ በሌላ አነጋገር በነጋቲቩ ላይ በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው ርቀት፣ የሚወሰነው በእጥበቱ ነው። ፈተናውም በዚሁ መሠረት ለሁለት ይከፈላል፦ የመጀመሪያው ክፍል ትክክለኛውን የፊልም ፍጥነት፣ ሁለተኛው ትክክለኛውን የእጥበት ደቂቃ ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉም መገልበጥ የለበትም።

ይህን ጉዳይ ከግምት አውጥተው ወደ ልኬት ያመጡት ሁለት ሰዎች በሙያቸው ፎቶ አንሺዎች አልነበሩም። ፈርዲናንድ ሁርተር የስዊዘርላንድ ተወላጅ ኬሚስት፣ ቬሮ ቻርልስ ድሪፊልድ ደግሞ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ሁለቱም የሚሠሩት በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በመርሲ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዊድነስ ከተማ፣ ጭሱ ሰማዩን በሸፈነው የሶዳ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ፎቶግራፍ ለእነርሱ ከሥራ ሰዓት ውጪ ያለ ፍቅር ነበር፤ የጊዜው ፎቶ አንሺ ግን የመስታወት ሰሌዳውን ለስንት ሰከንድ ለብርሃን እንደሚያጋልጥ በልምድና በግምት ይወስን ስለነበር፣ በፋብሪካ ውስጥ ሁሉን ነገር መዝኖና ለክቶ ለሚያድረው ኬሚስት ይህ ሊዋጥ የሚችል አሠራር አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና የመፈተኛ መሣሪያ ሠሩ፤ መኪናው የሚያሽከረክረው ክብ ሳህን በእርከን በእርከን የተቆረጠ ስለነበረ፣ ከኋላው የተቀመጠው ሰሌዳ በአንዱ ጠርዙ ከሚደርሰው የሻማ ብርሃን በሚቀጥለው እጥፉን፣ ከዚያም የእጥፉን እጥፍ እየተቀበለ ይሄዳል። ሻማው መደበኛ ክብደትና የአቃጠል ፍጥነት ያለው የመለኪያ ሻማ ሲሆን፣ ርቀቱም የተወሰነ ነበር። በዚህ መንገድ አንድ ሰሌዳ ብቻ የብርሃን መጠናቸው በትክክል የታወቀ ተከታታይ እርከኖችን ይይዛል።

የቀረው እያንዳንዱ እርከን ምን ያህል እንደጠቆረ መለካት ነበር፤ ለዚህም በመካከሏ የቅባት ነጥብ ያለባትን ወረቀት ተጠቀሙ። ወረቀቷ ከሁለቱም ወገን እኩል ብርሃን ሲያርፍባት ነጥቧ ከዓይን ትሰወራለች፤ ስለዚህ በአንድ ወገን የጠቆረውን ሰሌዳ ጋርዶ፣ ነጥቧ እስክትጠፋ ድረስ መብራቶቹን ማቀራረብና ማራራቅ ሰሌዳው የከለከለውን የብርሃን መጠን ይናገራል። ከዚህ የተገኘው መለኪያ በእንግሊዝኛ ዴንሲቲ የሚባለው ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ ጥቁረት እየተባለ ይጠራል። ጥቁረት የሚሰላው በሎጋሪዝም ነው፤ ከደረሰበት ብርሃን ግማሹን የሚያሳልፍ ነጋቲቭ 0.3፣ አንድ አሥረኛውን የሚያሳልፍ 1.0፣ አንድ መቶኛውን የሚያሳልፍ 2.0 ጥቁረት አለው ይባላል። ስሌቱ ለጀማሪ የተጠማዘዘ ቢመስልም ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁርተርና ድሪፊልድ ጥቁረት በዚህ መንገድ ሲሰላ በሰሌዳው ላይ ካለው የብር ክብደት ጋር በቀጥታ እንደሚመጣጠን አረጋግጠዋል።

ውጤታቸውን በ1890 በእንግሊዝ የኬሚካል ኢንዱስትሪ ማኅበር መጽሔት ላይ ሲያወጡ፣ እስከ ዛሬ በእያንዳንዱ የፊልም አምራች የመረጃ ሉህ ላይ የሚታተመውን ጠማማ መስመር ለዓለም አቀረቡ። በአግድሙ መስመር የብርሃኑ መጠን በሎጋሪዝም፣ በቋሚው ጥቁረቱ ሲቀመጥ፣ ነጥቦቹ የሚሠሩት መስመር ከታች በዝግታ የሚነሳ ግርጌ፣ በመካከል ቀጥ ብሎ የሚወጣ ክፍል፣ ከላይም እየተኛ የሚሄድ ትከሻ አለው። ግርጌው የጥላዎች መኖሪያ ነው፤ ቀጥ ያለው ክፍል አብዛኛውን የምስሉን ግራጫ ይይዛል፤ ትከሻው ደግሞ ብርሃን ቢጨመርም ጥቁረት የማይጨምርበት፣ የደመናና የነጭ ግድግዳ ዝርዝር የሚደፈንበት ነው። የቀጥተኛው ክፍል ዳገትነት ጋማ የሚል ስም የተሰጠው ሲሆን፣ የእጥበቱ ደቂቃ ሲረዝም ዳገቱ ይቆማል፣ ሲያጥር ይጋደማል። ሁለቱ ሰዎች ከዚህ ተነስተው፣ በእጥበት ጊዜ የሚደረግ ማናቸውም ብልሃት በብርሃን የተጻፈውን ቅደም ተከተል ሊለውጥ እንደማይችል፣ የሚለውጠው የዳገቱን ልክ ብቻ እንደሆነ ሲናገሩ፣ በቀይ መብራት ሥር ሰሌዳቸውን እያዩ ምስሉን እናድነዋለን የሚሉ ብዙ ፎቶ አንሺዎች ተቃወሟቸው። በዝርዝሩ ሁሉ ልክ ባይሆኑም፣ በዋናው ነገር ኬሚስቱና መሐንዲሱ ትክክል ነበሩ።

የፊልም ፍጥነትን በቁጥር መስጠት ግን ሌላ ክርክር ከፈተ፤ በመስመሩ ላይ ከየትኛው ነጥብ ተነስቶ ነው ፍጥነቱ የሚለካው? ሁርተርና ድሪፊልድ ቀጥተኛውን ክፍል ወደ ታች አስረዝመው አግድሙን መስመር የሚቆርጥበትን ነጥብ መረጡ፤ ይህ አሠራር ለስሌት የሚመች ቢሆንም፣ የጥላው ዝርዝር የሚገኝበትን ግርጌ ፈጽሞ አይመለከትም። ጀርመኖች በ1934 ባወጡት ዲን በተባለው ደረጃ፣ ከፊልሙ መነሻ ጥቁረት በላይ 0.1 የሆነበትን ነጥብ ያዙ። መነሻ ጥቁረት የሚባለው ብርሃን ፈጽሞ ሳያገኘው የታጠበ ፊልም ከፕላስቲኩና ከኬሚካሉ የሚያገኘው ጥቂት ግራጫነት ነው። በአሜሪካ ደግሞ የኮዳክ ተመራማሪ የነበረው ሎይድ ጆንስ ጥያቄውን ከወረቀት ላይ ወደ ሰው ዓይን አመጣው፤ አንድን ትዕይንት በተለያየ የብርሃን መጠን ከተነሱ ነጋቲቮች አትሞ፣ ተመልካቾች የትኛውን እንደሚመርጡ እየጠየቀ፣ ጥሩ ፎቶ ለመስጠት የሚበቃውን ዝቅተኛ የብርሃን ልክ ለየ። የአሜሪካ የደረጃዎች ማኅበር በ1943 ያጸደቀው መለኪያ በዚህ ጥናት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ፎቶ አንሺዎች እንዳይሳሳቱ በሚል የደኅንነት ትርፍ ተጨምሮበት ነበር፤ ይህም ማለት በሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ፊልሙ ከሚችለው በታች እንዲሆን ተደርጓል።

በ1960 ደረጃው ሲከለስ ያ ትርፍ አብዛኛው ተነሳ። ኮዳክ ትራይ-ኤክስ የተባለው ዝነኛ ፊልም 200 ይባል የነበረው 400 ተባለ፤ ሌሎችም እንዲሁ ወደ እጥፍ ተጠጉ። ቁጥሩ እጥፍ የሆነው ግን ደረጃው በመለወጡ ነው፤ በፊልሙ ላይ የተቀባው ክሪስታል ያው የቀድሞው ነበር። በሳጥን ላይ ያለ ቁጥር የስምምነት ውጤት መሆኑን ለሚጠራጠር ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ ያስቸግራል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአይኤስኦ ደረጃም ስምምነት ነው፤ ሆኖም ዝርዝሩን ማወቅ ስለ ፈተናው ውጤት ብዙ ያስረዳል። በደረጃው መሠረት ፊልሙ የሚታጠበው፣ ከመነሻው በላይ 0.10 ጥቁረት ከሰጠው ነጥብ 20 እጥፍ ያህል ብርሃን በተቀበለበት ቦታ ላይ ጥቁረቱ በ0.80 እንዲበልጥ ተደርጎ ነው፤ ከዚያም 0.8 ለመጀመሪያው ነጥብ ብርሃን፣ በሉክስ ሰከንድ ተለክቶ፣ ሲካፈል የፊልሙ ፍጥነት ይገኛል። አንድ ሉክስ አንዲት ሻማ ከአንድ ሜትር ርቀት የምትሰጠው ብርሃን ስለሆነ፣ 400 የተባለ ፊልም ያንን መነሻ ጥቁረት ለማግኘት የሚበቃው የሻማዋ ብርሃን የአንድ ሰከንድ ሁለት ሺህኛ፣ ማለትም 0.002 ሉክስ ሰከንድ ነው። ድሪፊልድ ቢያየው የሻማውን ነገር ይወድለት ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

የላቦራቶሪውን መስመር ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው እንዲመች አድርገው የቀየሩት አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር ናቸው። ሁለቱ በሎስ አንጀለስ አርት ሴንተር በተባለው ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ በ1939 እና በ1940 አካባቢ የዞን ሥርዓት የሚባለውን ዘዴ ቀመሩ። በዚህ ዘዴ ከወረቀቱ ፍጹም ጥቁር እስከ ፍጹም ነጭ ያለው ርቀት ከ0 እስከ 10 በተቆጠሩ አሥራ አንድ ዞኖች ይከፈላል፤ አንዱ ዞን ከሚቀጥለው የሚለየው በአንድ እርከን ነው። እርከን ማለት ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ የሚያደርግ አንድ የሌንስ ቀዳዳ ወይም የመዝጊያ ለውጥ ነው። ማናቸውም የብርሃን መለኪያ፣ ያነጣጠረበትን ነገር ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚቆጥረው ንባቡ ዞን 5 ይባላል። ዞን 3 ዝርዝሩ የሚታይ ጥላ፣ ዞን 8 ሸካራነቱ ሊጠፋ የቀረበ ነጭ፣ ዞን 1 ደግሞ ከፍጹም ጥቁር የምትለየው የመጀመሪያዋ ጭላንጭል ናት።

የዚህ ሥርዓት ጥቅም ለኢትዮጵያዊ ፎቶ አንሺ በተለይ የሚታየው በጥምቀት ወይም በሠርግ ላይ ነው። ነጭ ነጠላ ለብሳ ፀሐይ ላይ የቆመች ጠይም ሴት፣ መለኪያው ሰፊውን ነጭ ጨርቅ አይቶ ብርሃኑን ስለሚቀንሰው፣ ፊቷ ወደ ዞን 3 ወይም ከዚያ በታች ይወድቅና በፎቶው ላይ ዓይኗና ፈገግታዋ ከጥላ ጋር ይቀላቀላሉ። የአሜሪካ መማሪያ መጻሕፍት በምሳሌነት የሚያቀርቡት ብዙውን ጊዜ የነጭ ሰው ፊት ስለሆነ በዞን 6 እንዲቀመጥ ይመክራሉ፤ ጠይም ፊት ግን በዞን 5 ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ መልኩን ይዞ ይወጣል። ፊቷ በዣንጥላ ጥላ ሥር፣ ነጠላዋ በከፊል ፀሐይ ላይ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይከብዳል፤ ለፊቷ የሚበቃ ብርሃን ሲሰጥ ነጠላው ከዞን 8 አልፎ ጥለቱና ሽመናው ወደማይታይበት ነጭነት ይሄዳል። መፍትሔው ብርሃኑን ለፊቷ ሰጥቶ የእጥበቱን ደቂቃ በማሳጠር ነጠላውን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ሆኖም ስንት ደቂቃ ማሳጠር እንደሚገባ ማንም መጽሐፍ በትክክል ሊናገር አይችልም፤ የሚናገረው ፈተናው ነው።

የፈተናው የመጀመሪያ ክፍል ከአንድ ግድግዳ በላይ አይጠይቅም። እኩል ብርሃን ያረፈበት፣ ጌጥና ጥላ የሌለበት ግድግዳ ወይም ግራጫ ካርቶን ይመረጣል፤ ሌንሱ ወደ ሩቅ እንዲያተኩር ይደረጋል፤ ዓላማው ሸካራነቱ ደብዝዞ ወጥ የሆነ ቀለም በፊልሙ ላይ እንዲያርፍ ነው። መለኪያው በሳጥኑ ቁጥር፣ ለምሳሌ በ400፣ ላይ ሆኖ ግድግዳውን ያነባል። ንባቡ ለምሳሌ በሰከንድ አንድ ስልሳኛና በቀዳዳ ቁጥር 4 ከሆነ፣ ይህ ዞን 5 ስለሆነ ወደ ዞን 1 ለመድረስ አራት እርከን ይቀነሳል፤ ቀዳዳው 5.6ን፣ 8ንና 11ን አልፎ 16 ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ፎቶ በዚህ ይነሳል። ከዚያ ፊልሙ 320 ነው፣ 250 ነው፣ 200 ነው፣ 160 ነው እየተባለ በየተራው ሲሶ እርከን ብርሃን ይጨመራል፤ ሌንሱ በሲሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግማሽ እርከንም ይበቃል። አንድ ፎቶ ሌንሱ ተከድኖ ይነሳል፤ የመነሻ ጥቁረቱን የሚሰጠው እርሱ ነው። መዝጊያው በፈተናው ሁሉ አንድ ላይ መቆየቱ ይመረጣል፤ በአሮጌ ካሜራ ላይ የሰከንድ አንድ ሺህኛ የተባለው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ከስሙ የዘገየ ነው፤ ከአንድ ሰከንድ በላይ የሚረዝም ጊዜም ሌላ ጣጣ አለው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ካርል ሽዋርዝሺልድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የደከሙ ከዋክብትን ፎቶ ሲያጠና እንዳሳየው፣ ብርሃኑ እጅግ ሲያንስ ጊዜውን በዚያው ልክ ማርዘም አይበቃም፤ የፊልም አምራቹ ኢልፎርድ ለኤችፒ 5 ፕላስ ፊልሙ በሚሰጠው ቀመር መሠረት 10 ሰከንድ የተለካ ብርሃን 20 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል።

ፊልሙ አምራቹ ባዘዘው ደቂቃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጥቁረቱ በዴንሲቶሜትር ይነበባል፤ ከተከደነው ፎቶ በ0.10 የሚበልጠው ፎቶ የተነሳበት ቁጥር የዚያ ፎቶ አንሺ የፊልም ፍጥነት ይባላል። ዴንሲቶሜትር የሌለው ሰው የሚያትምበትን ወረቀት ዳኛ ማድረግ ይችላል። የፊልሙ ባዶ ጠርዝ ነጋቲቩን አጉልቶ በወረቀት ላይ በሚያበራው ማሳደጊያ ላይ ተደርጎ፣ በወረቀቱ ላይ እየጨመረ በሚሄድ ሰከንድ ብርሃን ይለቀቅበታል፤ ወረቀቱ ከዚህ በላይ ሊጠቁር ወደማይችልበት ልክ ያደረሰው የመጀመሪያው ሰከንድ ይያዛል፤ ከዚያም እያንዳንዱ የፈተና ፎቶ በዚያው ሰከንድ ይታተማል። ከፍጹም ጥቁር ለዓይን የምትለየው የመጀመሪያዋ ፎቶ ዞን 1 ናት። ይህ ዘዴ ከመሣሪያው ይልቅ የሚመረጥበት ምክንያት አለ፤ ማሳደጊያውንና ወረቀቱን በአንድነት የሚፈትን በመሆኑ፣ ነጋቲቩ የሚሠራለትን የመጨረሻውን ነገር በልኬቱ ውስጥ ያስገባል።

የፈተናው ውጤት ብዙ ጊዜ አስደንጋጭ ነው፤ 400 የተባለው ፊልም 250፣ አንዳንዴም 200 ሆኖ ይገኛል። ብዙዎች ከዚህ ተነስተው አምራቾች የፊልማቸውን ቁጥር ለገበያ ሲሉ ያጋንኑታል ብለው ይከሳሉ፤ ክሱ ግን ስሌቱን ካለማየት የመጣ ነው። የብርሃን መለኪያ ሲሠራ መካከለኛው ግራጫ ደረጃው ፍጥነቱን ከሚለካበት ነጥብ 10 እጥፍ ያህል ብርሃን እንዲያገኝ ተደርጎ ነው፤ 10 እጥፍ በእርከን ሲቆጠር ሦስት እርከን ከሲሶ ይሆናል። የዞን ሥርዓት ደግሞ ከመካከለኛው ግራጫ አራት እርከን ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሲሶ እርከን ሲሆን፣ 400 በሁለት ሲሶ እርከን ሲወርድ በትክክል 250 ይሆናል። እንግዲህ አምራቹም ፈታኙም አልተሳሳቱም፤ ሁለቱ አንድን 0.10 የሚፈልጉት ከተለያየ ርቀት ነው። በተጨማሪም በእውነተኛ ትዕይንት ውስጥ ከሰማይና ከነጭ ነገሮች የሚበተን ብርሃን በሌንሱ ውስጥ ተንጸባርቆ ጥላዎቹን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋቸዋል፤ ወጥ የሆነ ግድግዳ ይህን እርዳታ አይሰጥም። ይህን ያወቀ ሰው 250 ያለውን ውጤት ይዞ ቢሠራ ጥላዎቹ ሙሉ ሆነው ይቀመጡለታል፤ 400 ብሎ የሚሠራም ቢሆን የተሳሳተ አይደለም፤ የሚጣላው ከጥልቁ ጥላ ጋር ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በሚነገርበት ጊዜ 400 የሆነውን ፊልም 1600 ብለው አንስተው በእጥበት የሚያካክሱ ፎቶ አንሺዎች ጉዳይ መነሳቱ አይቀርም። እጥበቱን ማርዘም መካከለኛውንና ደማቁን ክፍል ከፍ ያደርጋል፤ ምስሉም ይታተማል፤ ጋዜጠኞች በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ለረጅም ዘመን የሠሩበትም በዚህ ነው። ነገር ግን ለጥላው ያልገባ ብርሃን በኬሚካል አይፈጠርም፤ ስለዚህ ፊልሙ 1600 ሆነ ማለት ስህተት ነው፤ ከጥላው ዝርዝር ተቀንሶ ፎቶው ተገኘ ማለት ግን እውነት ነው።

ሁለተኛው ክፍል ትዕግሥት ይጠይቃል። ፍጥነቱ ከታወቀ በኋላ ያው ግድግዳ በዞን 8፣ ማለትም ከመለኪያው ንባብ ሦስት እርከን ጨምሮ፣ በሦስት ወይም በአራት ቁራጭ ፊልም ላይ ይነሳል፤ ቁራጮቹ ለየብቻ፣ አንዱ ከአምራቹ ደቂቃ ባነሰ፣ አንዱ በእኩል፣ አንዱ በበለጠ ጊዜ ይታጠባሉ። የአዳምስን ልኬት የሚከተል ሰው የዞን 8 ጥቁረት ከመነሻው በላይ 1.2 እስከ 1.35 እንዲሆን ይፈልጋል፤ ዝቅተኛው ቁጥር ብርሃኑን በሌንስ ሰብስቦ ለሚያሳልፍ ማሳደጊያ፣ ከፍተኛው ብርሃኑን በትኖ ለሚያሳልፈው ይስማማል። በወረቀት ለሚፈትን ሰው ደግሞ፣ ቀደም ሲል ጥቁሩን ባወጣው ሰከንድ ሲታተም ከባዶ ወረቀት ነጭነት በጥቂቱ ብቻ የሚለየው ቁራጭ የሚፈለገውን ደቂቃ ይሰጣል። የሚያጥረውና የሚረዝመው ደቂቃም አይጣልም፤ ዞን 9 የነበረውን ወደ 8 የሚያወርደው አጭር እጥበት ከላይ ለተነገረው ነጠላ፣ ዞን 7ን ወደ 8 የሚያነሳው ረጅሙ ደግሞ ለደመናማ ቀን ያገለግላል። ነጋቲቩን በስካነር ወደ ኮምፒውተር ለሚያስገባ ሰው ጥቂት ለስለስ ያለ እጥበት ይመረጣል፤ የጎደለው ልዩነት በኋላ ሊጨመር ይችላል።

ደቂቃው ትርጉም የሚኖረው ግን ሌላው ሁሉ ሲጸና ነው፤ በጨለማው ክፍል ውስጥም አብዛኛው ስህተት የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ፊልሙ በጨለማ በማጠንጠኛው ላይ ተጠቅልሎ ወደ ማጠቢያ ታንኩ ከገባና ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ መብራት ይበራል፤ ዴቨሎፐሩ በቴርሞሜትር 20 ዲግሪ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ሰዓቱ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ታንኩ የሚገለባበጥበት መጠን ራሱ የልኬቱ አካል ነው። ኢልፎርድ በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች አራት ጊዜ፣ ቀጥሎም በየደቂቃው መጀመሪያ አራት ጊዜ መገልበጥን ሲያዝ፣ ኮዳክ በየ30 ሰከንዱ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ እንዲገለበጥ ይመክራል፤ አንዱን ደቂቃ ከአንዱ አገላበጥ ጋር ቀላቅሎ የሚጠቀም ሰው ያልተጻፈ ሦስተኛ ዘዴ ፈጥሯል ማለት ነው። መገልበጡ የሚያስፈልገው በደማቁ ክፍል ያለው ዴቨሎፐር ሥራ ሲበዛበት ቶሎ ስለሚደክም ነው፤ አዲስ ፈሳሽ ካልመጣለት ጥቁረቱ መጨመሩን ያቆማል፤ ከመጠን በላይ ሲገለበጥም የመስመሩ ዳገት ሳይታሰብ ይበልጥ ቀጥ ይላል።

የሙቀት ነገር ከዚህም ይብሳል። በኮዳክ ጆን ካፕስታፍ የቀመረውና ከ1920ዎቹ ጀምሮ የዴቨሎፐሮች ሁሉ ማነጻጸሪያ ሆኖ የቆየው ዲ-76፣ በአንድ ሊትር 2 ግራም ሜቶል፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖን፣ 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይትና 2 ግራም ቦራክስ የያዘ ሲሆን፣ ሁለቱ አጣቢ ንጥረ ነገሮቹ ለሙቀት የሚሰጡት ምላሽ እኩል አይደለም፤ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ሃይድሮኪኖኑ ቀድሞ ይተኛል። አንድ ዲግሪ ሲጨምር ደቂቃው ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ማጠር እንዳለበት በተግባር ይታወቃል፤ በአንድ ዲግሪ የተሳሳተ ቴርሞሜትር እንግዲህ በየፊልሙ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ይደግማል። ሆኖም የማይለዋወጥ ስህተት በፈተናው ውስጥ ስለሚካተት አይጎዳም፤ የሚጎዳው ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ የሆነው ነው። የቧንቧ ውሃ በአዲስ አበባ ክረምትና በድሬዳዋ በጋ አንድ ሙቀት እንደሌለው፣ ማዕድኑም ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ የታወቀ ስለሆነ፣ ዴቨሎፐሩን ቢቻል በተጣራ ውሃ መበጥበጥና ታንኩን በ20 ዲግሪ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ማቆየት ለፈተናው ግማሽ ዋጋ ነው። ፈሳሹን በእኩል ውሃ ማቅጠንም ለሞቃት አገር ይጠቅማል፤ ኤችፒ 5 ፕላስ አይዲ-11 በተባለ ባልቀጠነ ዴቨሎፐር በ20 ዲግሪ ሰባት ደቂቃ ተኩል ሲፈልግ፣ በእኩል ውሃ ሲቀጥን 13 ደቂቃ ስለሚሆን፣ የጥቂት ሰከንድ መዘግየት በረጅሙ ውስጥ ብዙም አይታይም።

ፈተናን ሥራ ያደረጉ፣ ከግራጫ ግድግዳ በስተቀር ምንም ፎቶ የማያነሱ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ በዚህ ላይ የሚሰነዘረው ቀልድም ተገቢ ነው። በሲሶ እርከን ልዩነት መጨነቅ አይገባም፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም ከሚገባው አንድ እርከን በላይ ብርሃን ቢያገኝ ከሞላ ጎደል አይበላሽም፤ ቢያንሰው ግን ጥላው አይመለስም። ስለዚህ የፈተናውን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ሠርቶ ሁለተኛውን በየጊዜው በሚያትማቸው ፎቶዎች የሚያርም ሰው ከሁሉ የተሻለ መንገድ ይዟል፤ ነጋቲቮቹ ከባዱን፣ ማለትም ልዩነት የሚያጎላውን ወረቀት እየጠየቁ ከመጡ እጥበቱን ማርዘም፣ ልዩነት የሚቀንሰውን ለስላሳውን እየጠየቁ ከመጡ ማሳጠር ነው።

ፊልም በተወደደበት በዚህ ጊዜ አንድ ጥቅልል ለግድግዳ መስጠት ብክነት ለሚመስለው አንባቢ፣ የሚፈለገው አንድ ፊልምና አንድ ዴቨሎፐር መርጦ ከእነርሱ ጋር መቆየት መሆኑን መንገር ይበቃል፤ የፊልሙ ስም፣ የተነሳበት ቁጥር፣ ሙቀቱ፣ ደቂቃውና የአገላበጡ ልክ በማስታወሻ ደብተር ላይ ከተጻፉ፣ ፈተናው የሚደገመው ፊልሙ፣ ዴቨሎፐሩ፣ ወረቀቱ፣ ቴርሞሜትሩ ወይም ካሜራው ሲለወጥ ብቻ ነው።